የብራና መጽሐፍ በዩኒቨርሲቲ ልዩ ስብስብ ውስጥ፦ ከካታሎግ ፍለጋ እስከ ሙሉ ምዝገባ

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ሲመለስ ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ይዞ ነበር። አንደኛው ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ገባ። ሪቻርድ ሎውረንስ ያንን ቅጂ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ያሳተመው ግን በ1821 ነው። አውሮፓ ጠፍቷል ብላ ለብዙ መቶ ዓመታት ስትፈልገው የኖረችው መጽሐፍ ወደ ሃምሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ቦታና ቁጥር ተሰጥቶት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው ልዩ ስብስብ ውስጥ «ዳዊት፣ ግዕዝ፣ ብራና» ተብለው በአንድ መስመር ብቻ የተመዘገቡ መጻሕፍት አሉ። በኅዳጋቸው የርስት ውል፣ የንብረት ቆጠራ፣ የጥንት አማርኛ ተጽፎ ይሆናል፤ ካታሎጉ ግን ስለዚህ ምንም አይልም። ይህ መመሪያ የግዕዝ ፊደል አንባቢ የሆነና እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ፈልጎ ማግኘት፣ ሳይጎዳ መመርመርና ሌላ ሰው ሊጠቀምበት በሚችል መልኩ መመዝገብ ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ ነው።

ከቤት ሳትወጡ የሚሠራው ፍለጋ

የመጀመሪያው እንቅፋት አጻጻፍ ነው። የውጭ አገር ካታሎጎች የግዕዙን ርእስ በላቲን ፊደል ይጽፉታል፤ አጻጻፋቸውም አንድ ዓይነት አይደለም። «ጸ»ን አንዱ ከሥሩ ነጥብ ባለው ኤስ፣ ሌላው በቲ እና ኤስ፣ ሦስተኛው በዜድ ይጽፈዋል። ሳድሱን አንዱ በተገለበጠ ኢ፣ ሌላው በአይ፣ ሌላው ጨርሶ ይተወዋል። ስለዚህ «ተአምረ ማርያም»ን በአንድ አጻጻፍ ፈልጋችሁ ካጣችሁት የለም አትበሉ። ቢያንስ አራት ዓይነት አጻጻፍ ሞክሩ፤ ከዚያ በርእሱ በእንግሊዝኛ ትርጉም፣ በላቲንኛ ርእሱ፣ በመጨረሻም በቋንቋው ስም ፈልጉ። የቀድሞ ካታሎግ አዘጋጆች ግዕዝን «ኢትዮፒክ» ብቻ ይሉት ነበርና በዚህ ቃል የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከሁሉም ይበልጣል።

ቀጥሎ የታተሙትን ካታሎጎች ተመልከቱ። ብዙ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ካታሎጋቸውን ሙሉ በሙሉ ወደ ኮምፒውተር አላስገቡትም። የቦድሊያንን የግዕዝ መጻሕፍት አውጉስት ዲልማን በ1848፣ የካምብሪጅን ኡለንዶርፍና ራይት በ1961 ካታሎግ አድርገው አሳትመዋል (ሁለቱም ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው)። በእነዚህ ውስጥ ያለው የተራ ቁጥርና ቤተ መጻሕፍቱ ዛሬ የሚጠቀምበት መለያ ቁጥር የተለያዩ ሊሆኑ ስለሚችሉ ሁለቱንም ጻፉ። መጽሐፉን ከመጋዘን የሚያስወጣላችሁ የመለያ ቁጥሩ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ማይክሮፊልምና ዲጂታል ቅጂ መኖሩን አጣሩ። በአሜሪካ ሚኒሶታ በሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሂል ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ የተነሡትን ወደ 9,000 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ፊልሞች ይዟል። ፊልሞቹ ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. በሚለው ምሕጻርና በቁጥር ይታወቃሉ። የብዙዎቹን ካታሎግ ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ላይ ያለው «ቤተ መጻሕፍት» (በላቲን ፊደል Beta maṣāḥǝft) የተባለ የመረጃ ቋት ደግሞ ድርሰቶችን በመነሻ ቃላቸው ለመለየት ይረዳል። አዲስ አበባ ውስጥ ዋናው ስብስብ ያለው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ዲጂታል ቅጂ ካለ መጀመሪያ እሱን አንብባችሁ ጨርሱ። መጽሐፉን በእጅ ማየት የሚያስፈልገው ፎቶ ለማያሳየው ነገር ነው፤ ለጥራዙ አሰፋፍ፣ ለተፋቀ ቦታ፣ ለቆዳው ገጽ፣ ለሽፋኑ።

ቀጠሮ ስትጠይቁ የመለያ ቁጥሩን፣ የምትፈልጉትን ቀን፣ ዲጂታል ቅጂው ለምን እንዳልበቃችሁ በሁለት ዐረፍተ ነገር ጻፉ። መጽሐፉ ከሌላ ሕንፃ የሚመጣ ወይም በጥገና ላይ ያለ ሊሆን ይችላልና አስቀድማችሁ ጠይቁ። በአንድ ቀን ከሁለት መጻሕፍት በላይ አታስቡ። 150 ቅጠል (አንዱ ቅጠል ፊትና ጀርባ ሁለት ገጽ ነው) ያለውን አንድ መጽሐፍ በዚህ መመሪያ ልክ ለመመርመር ሙሉ የሥራ ቀን ይፈጃል፤ ጥራዙ የተዛባ ከሆነ ሁለት።

የንባብ ክፍሉ ውስጥ

የምትይዙት፦ ለስላሳ እርሳስ፣ ወረቀት ወይም ላፕቶፕ፣ ብረት ያልሆነ ማስመሪያ (የስፌት ሜትር ጥሩ ነው)፣ የእጅ ማጉያ መነጽር። እስክሪብቶ፣ ምግብ፣ ውኃ፣ ቦርሳና ተለጣፊ ማስታወሻ ወረቀት ከውጭ ይቀራሉ። እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ፤ ቅባትና የእጅ ማጽጃ ጄል አትጠቀሙ፤ ብራናው ላይ ይቀራል።

ብዙ ሰው ነጭ ጓንት ግዴታ ይመስለዋል። ለብራናና ለወረቀት ጓንት ጉዳት ነው፤ ጣት የቅጠሉን ጠርዝ በትክክል መዳሰስ ያቅተዋል፣ ክሩ የተላጠ ቀለም ይዞ ይነሣል፣ ጠርዙም ይቀደዳል። ጓንት የሚፈለገው ለፎቶግራፍና ለብረት ነው። የክፍሉ ኃላፊ ጓንት አድርጉ ካለ ግን የቤቱን ሕግ አክብሩ።

መጽሐፉን በቀጥታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አትክፈቱ። በስፖንጅ ማስደገፊያ ላይ አድርጋችሁ ከ90 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ውስጥ ክፈቱት። የኢትዮጵያ ጥረዛ በሰንሰለት ስፌት የተያያዘና ጀርባው በማጣበቂያ ያልተያዘ ስለሆነ ሰፋ ብሎ የመከፈት ጠባይ አለው። ይህ ያታልላል። የሚበጠሰው ቅጠሎቹን የያዘው ክር አይደለም፤ የእንጨቱን ሰሌዳ ከመጀመሪያው ጥራዝ (አብረው ታጥፈው ከተሰፉት የመጀመሪያ ቅጠሎች) ጋር የሚያገናኘው ነው። ሰሌዳው ሲከፈት በእጅ ወይም በስፖንጅ ተደግፎ ካልቆየ የራሱ ክብደት ክሩን ይጎትተዋል። ስለዚህ ከሰሌዳው ሥር ያለው ድጋፍ ከቅጠሎቹ ሥር ካለው ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ስፖንጅ ጨምሩ፤ ገጾቹን እየገለጣችሁ ስትሄዱ ግራና ቀኙን አስተካክሉ።

ብራና እርጥበት ሲያገኝ ይሳባል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ከቀዝቃዛ መጋዘን የመጣ መጽሐፍ ቅጠሎቹ መታጠፍ ከጀመሩ በእጅ ተጭናችሁ አታቃኑት፤ ዝጉትና ለኃላፊው ንገሩ። ቅጠሉን የሚይዝ ለስላሳ ረጅም ክብደት ስጡኝ ማለት ትችላላችሁ፤ የሚቀመጠው ግን ጽሑፍም ሥዕልም በሌለበት ኅዳግ ላይ ነው። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከሙጫ የተሠራ ነው፤ እንደ አውሮፓው የብረት ቀለም ቆዳውን አይበላም፣ በውኃ ግን ይለቃል። በአንድ ጠብታ ምራቅ መስመር ይጠፋል። ጣት አርሶ ገጽ መግለጥ፣ ጎንበስ ብሎ ገጹ ላይ ማውራት ይቅር።

ሥዕል ላይ የተሰፋ የጨርቅ መጋረጃ ካለ ከታችኛው ጫፉ በሁለት እጅ አንሡት፤ ስፌቱ ከላላ አትንኩት፣ ኃላፊው ይግለጠው።

ከውጭ ወደ ውስጥ

ጽሑፉን ለማንበብ አትቸኩሉ። አንድ ጊዜ ማንበብ ከተጀመረ ሽፋኑን ማን ያየዋል! ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን።

ማኅደሩ፣ ማለትም የመጽሐፉ የቆዳ መያዣ፣ ካለ መጀመሪያ እሱን መዝግቡ፤ ቆዳው፣ ማንገቻው፣ መክደኛው፣ በላዩ የተለጠፈ ወይም የተጻፈ ቁጥር። ማኅደርና መጽሐፍ በልክ ካልተገጣጠሙ ማኅደሩ የሌላ መጽሐፍ ነው ማለት ነውና ጻፉት። ቀጥሎ ሰሌዳዎቹ፤ ከአንድ እንጨት ናቸው ወይስ ተሰብረው በክር ተጠግነዋል? ባዶ ናቸው ወይስ ድጉስ (ንድፍ የታተመበት) ቆዳ ለብሰዋል? የድጉሱን መስቀልና የክፈፉን መስመሮች በእርሳስ ንደፉ። ሰሌዳውን ከውስጥ በኩል ስትመለከቱ ከቆዳው እጥፋት መካከል የተለጠፈ ባለ ቀለም ጨርቅ ልታገኙ ትችላላችሁ። ከሩቅ አገር በንግድ የመጣ ሊሆን ስለሚችል ሽመናውንና ቀለሙን በዝርዝር ግለጹ።

ከዚያ ልኬት። ቁመት፣ ወርድ፣ ውፍረት በሚሊ ሜትር። የእጅ ሥራ ስለሆነ ቅጠል ሁሉ እኩል አይደለም፤ በመጀመሪያ፣ በመካከልና በመጨረሻ ሦስት ቅጠሎች ለክታችሁ ሦስቱንም ጻፉ። ጽሑፉ ያረፈበትን ቦታ፣ አራቱን ኅዳጎች፣ የዓምዱን ብዛት፣ በገጽ ያለውን የመስመር ብዛት ጨምሩ። የመስመሩ ቁጥር ከአንድ ቅጠል በኋላ በድንገት ከ22 ወደ 18 ከወረደ ሌላ ጸሐፊ ጀምሯል ወይም ሌላ መጽሐፍ ተጠርዟል።

ክታብ ጥቅልል ከሆነ ሙሉውን አትዘርጉ። በግራ እጅ እየጠቀለላችሁ በቀኝ እየተረተራችሁ ከ30 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ክፍት ቦታ ላይ ሥሩ፤ የተሰፉትን የብራና ቁራጮች ለየብቻ ለክታችሁ ደምሩ።

ጥራዝ መቁጠር

ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ብዙ ስሕተትም የሚወለደው እዚህ ነው። ያልተቆጠረ መጽሐፍ ሙሉ ይሁን ጎዶሎ ማንም ሊናገር አይችልም።

አንድ ጥራዝ ብዙውን ጊዜ አራት ተጣጥፈው የተደራረቡ ብራናዎች ማለትም 8 ቅጠል ነው፤ 10 ቅጠል ያለውም ብዙ ነው። የመስፊያው ክር የሚታየው በየጥራዙ መካከል ብቻ ስለሆነ ቅጠል እየገለጣችሁ ክር ያያችሁበትን ቦታ ሁሉ መዝግቡ። 8 ቅጠል ባላቸው ጥራዞች ክሩ በቅጠል 4 እና 5፣ በ12 እና 13፣ በ20 እና 21፣ በ28 እና 29 መካከል ይገኛል። አራተኛው ክር 27 እና 28 መካከል ቢገኝስ? ጥራዙ በ25 ይጀምራል፤ ከክሩ በፊት 3 ቅጠል፣ ከክሩ በኋላ 4 ቅጠል አለ። 28 ጥንዱ 27፣ 29 ጥንዱ 26፣ 30 ጥንዱ 25 ከሆነ 31 ብቻውን ቀርቷል። የጎደለው ከ25 በፊት የነበረው ቅጠል ነው። አሁን የ24ን መጨረሻና የ25ን መጀመሪያ አንብቡ። ዐረፍተ ነገሩ ከተቋረጠ ቅጠል ጠፍቷል። ከቀጠለ ግን ጠራዡ ሲጀምርም አንድ ነጠላ ቅጠል አስገብቶ ነበር፤ በዚያኛው ወገን፣ ከ25 በፊት በእጥፋቱ አጠገብ፣ ጣት የሚያህል ጉማጅ ፈልጉ።

ሁለተኛው ማረጋገጫ የቆዳው ገጽ ነው። የጠጉሩ ገጽ ቢጫ ያዘለና የጠጉር ነጠብጣብ የሚታይበት ነው፤ የሥጋው ገጽ ነጣ ይላል። በደንብ በተሠራ ጥራዝ ትይዩ ገጾች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ጠጉር ከጠጉር፣ ሥጋ ከሥጋ ይገናኛል። ነጭ ገጽ ከቢጫ ገጽ ፊት ለፊት ሲገጥም እዚያ ቦታ ላይ ቁሙ፤ ቅጠል ጎድሏል፣ ተጨምሯል ወይም ተገልብጦ ተሰፍቷል። በደንብ የተፋቀ ብራና ሁለቱንም ገጽ ያመሳስላቸዋልና በዚህ ብቻ አትፍረዱ። ሦስተኛው ማረጋገጫ በጥራዙ መጀመሪያ ቅጠል ላይ፣ ብዙ ጊዜ በላይኛው ኅዳግ፣ የሚጻፈው የግዕዝ ቁጥር ነው። ከ፬ በኋላ ፮ ከመጣ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ከእናንተ በፊት የነበረ ሰው በእርሳስ የጻፈው የቅጠል ቁጥር ካለ ተጠቀሙበት፤ ስሕተት ቢኖረው እንኳ አታርሙት፣ በመጽሐፉ ላይ ምንም አትጻፉ። «ከ43 በኋላ አንድ ቅጠል ሳይቆጠር ታልፏል፤ 43 ድጋሚ ተብሎ እዚህ ተጠቅሷል» ብላችሁ በማስታወሻችሁ ግለጹ። ማይክሮፊልሙ የራሱ ቆጠራ ስላለው ከየትኛው እንደምትጠቅሱ ሁልጊዜ አስታውቁ። አጠቃቀሱ «ቅጠል 12 ፊት፣ ዓምድ ለ፣ መስመር 7» እንዲህ ይሁን።

ቀዳዳም ይናገራል። ጽሑፉ ቀዳዳውን ወይም የተሰፋውን ቦታ ዞሮ ካለፈ ጉዳቱ ከመጻፉ በፊት የነበረ ነው። ፊደል ከተቆረጠ በኋላ የመጣ ነው።

ድርሰቱን መለየት

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» ሁሉም የሚጀምርበት ነውና ድርሰቱን አይለይም። መዝግባችሁ እለፉት፤ ከእሱ ቀጥሎ ያሉትን ከ15 እስከ 20 ቃላት እንደተጻፉት፣ ሀ፣ ሐ እና ኀን ሳታስተካክሉ ቅዱ። ጸሐፊው «ዓለም»ን በ«አ» ከጻፈ እናንተም በ«አ» ጻፉ። የመጨረሻዎቹንም 15 ቃላት ያዙ። በእነዚህ ሁለት ጥቅሶች አማካይነት የትኛውም ባለሙያ መጽሐፉን ሳያይ ሊለየው ይችላል።

«ዳዊት» ተብሎ የተመዘገበ መጽሐፍ ብዙ ክፍሎች አሉት፤ መዝሙራቱ፣ 15ቱ ጸሎተ ነቢያት፣ መሐልየ መሐልይ፣ ውዳሴ ማርያም፣ አንቀጸ ብርሃን። የትኛው እንዳለ የትኛው እንደጎደለ አንድ በአንድ አረጋግጡ። መዝሙራቱ እያንዳንዱ ስንኝ በአንድ መስመር እንዲያርፍ በአንድ ዓምድ፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን ግን አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዓምድ ይጻፋሉ፤ ስለዚህ ወደ ሁለት ዓምድ መለወጡ ብቻውን ሌላ ጸሐፊ መጣ አያሰኝም።

በተአምረ ማርያም ላይ የተአምራቱ ብዛትና ቅደም ተከተል ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል። «ተአምረ ማርያም» ብሎ ማለፍ ስለዚህ ምንም አለመናገር ነው፤ የእያንዳንዱን ተአምር መነሻና ያለበትን ቅጠል ዘርዝሩ። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እነዚህን ተአምራት በየመጽሐፉ እየለየ የሚያሰባስብ የምርምር ሥራ ስላለ ዝርዝራችሁን ከዚያ ጋር ማነጻጸር ትችላላችሁ።

ዘመኑን ማወቅ

በመጨረሻው ቅጠል «ተፈጸመ ዝንቱ መጽሐፍ» የሚል ካለ ቀኑ ከዚያ አጠገብ ይፈለጋል። ሒሳቡን ግን ራሳችሁ ሥሩት። ለምሳሌ «በ፸፪፻፲፮ ዓመተ ዓለም በዘመነ ዮሐንስ» ቢል፦

ቁጥሩ 72 መቶ ከ16፣ ማለትም 7216 ነው። ዓመተ ዓለም ከዓለም ፍጥረት የሚቆጠር ስለሆነ 5500 ሲቀነስ 1716 ዓ.ም. ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 1723፣ ከዚያ በኋላ 1724። ወንጌላዊውን ለማረጋገጥ 7216ን ለ4 አካፍሉ፤ ቀሪ 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ዮሐንስ ነው። ያለ ቀሪ ስለተካፈለ ዮሐንስ ትክክል ነው። አበቅቴ (የዓመቱን በዓላት ለማውጣት የሚያገለግለው ቁጥር) ከተጠቀሰ 7216ን ለ19 አካፍሉ፤ ቀሪው 15፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 14፤ በ11 ሲባዛ 154፤ በ30 ሲገደፍ (30 እየተቀነሰ የሚተርፈው) አበቅቴው 4። ንጉሡም ሊገጥም ይገባል፤ እ.ኤ.አ. ከ1721 እስከ 1730 የነገሡት ዐፄ በካፋ ናቸው።

አራቱ ምስክሮች ካልተስማሙ መጀመሪያ ቁጥሩን በማጉያ መነጽር ድገሙት። ፮ እና ፯ በእጅ ጽሑፍ በቀላሉ ይምታታሉ፤ ወንጌላዊው የትኛው እንደሆነ ይፈርዳል። አሁንም ካልተስማሙ ቀኑ ከተቀዳበት መጽሐፍ አብሮ የተገለበጠ ሊሆን ይችላል። ይህ ብዙ ያሳስታል፤ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ቀን በ19ኛው ክፍለ ዘመን እጅ ተጽፎ ሲገኝ ጸሐፊው አላጭበረበረም፣ ያየውን ነው የቀዳ።

«ዓመተ ምሕረት» የሚለውም በጥንት ጽሑፍ ሁልጊዜ ዛሬ የምንቆጥረው አይደለም። ቁጥሩ ከ532 በታች ከሆነ በዐቢይ ቀመር ዑደት የተቆጠረ ሊሆን ይችላል። ለመካከለኛው ዘመን ሰነዶች በ1340 ዓ.ም. ላይ ደምሩት፤ «በ፻ ዓመተ ምሕረት» 1440 ዓ.ም. ይሆናል፣ የዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን።

«ኢያሱ» የሚል ንጉሥ ብቻ ሲጠቀስ ከጎኑ ያለውን ጳጳስ ተመልከቱ። ሲኖዳ ወይም ማርቆስ ከሆነ ቀዳማዊ ኢያሱ፣ ክርስቶዶሉ ወይም ዮሐንስ ከሆነ ዳግማዊ ኢያሱ ነው።

ቀን ከሌለ ይዘቱ ጣሪያና ወለል ይሰጣል። ተአምረ ማርያም በዐፄ ዳዊት ዘመን፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ፣ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ስለተመለሰ ከዚያ የሚቀድም ቅጂ አይጠበቅም። የዜማ ምልክት ያለበት ድጓ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን አይቀድምም፤ ነገር ግን ምልክቱ በኋላ በቀጭን ብዕር ተጨምሮበት ይሆናልና የመስመሩ ክፍተት ለምልክቱ ታስቦ የተተወ መሆኑን እዩ፤ ምልክቱ ከተጨናነቀ መጽሐፉ ከምልክቱ ይቀድማል። ደማቅ ሐምራዊ ቀለም ከታየ የተጻፈው ወይም የተጨመረው ሰው ሠራሹ ሐምራዊ ከተገኘበት ከ1856 እ.ኤ.አ. በኋላ ነው። የፊደሉ ቅርጽ፣ ጉልሕ ወይም ረቂቅ መሆኑ፣ የ«መ»ና የ«ወ» ዐይኖች ማዕዘናዊ ወይም ክብ መሆናቸው ይረዳል፤ ለዚህ ግን ቀን ካላቸው መጻሕፍት ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። በፊደል ብቻ ከሆነ ክፍለ ዘመን እንጂ ዓመት አትጻፉ።

ሥዕሎችን ለብቻ ፍረዱ። በገበያ ያለፉ መጻሕፍት ውስጥ ዋጋ ለመጨመር በኋላ የተሣሉ ሥዕሎች ይገኛሉ። ገጹ በእጅ ብዛት ጠቁሮ ሥዕሉ ንጹሕ ከሆነ፣ ቀለሙ በትይዩው ገጽ ላይ አሻራ ካልተወ፣ ከሥዕሉ ሥር የተፋቀ ፊደል ከታየ፣ ሥዕሉ ከመጽሐፉ ያነሰ ዕድሜ አለው።

ኅዳግ፣ ባዶ ቅጠልና የተፋቀ ስም

ሀብቱ ያለው እዚህ ነው፤ ጊዜያችሁን አብዝታችሁ እዚህ አውሉ። በመጽሐፉ ፊትና ኋላ ያሉት ባዶ ቅጠሎች፣ በወንጌላት መካከል ያሉት ክፍት ገጾች የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ቤት ነበሩ። የጉልት ስጦታ፣ የርስት ክፍፍል፣ የንዋየ ቅድሳት ቆጠራ፣ ኑዛዜ፣ የትውልድ ሐረግ በወንጌል ላይ የሚጻፈው ማንም እንዳያፈርሰው ነው። ለነገሥታት የተገጠሙት እጅግ ጥንታዊ የአማርኛ ግጥሞችም ወደ እኛ የደረሱት በግዕዝ መጻሕፍት ውስጥ ተጽፈው ነው። ስለዚህ በእጅ የተሞነጫጨረ የሚመስለውን ሁሉ አንብቡ፤ አማርኛ ከሆነ ቃል በቃል ቅዱ።

ስሞችን በቀይ ቀለም በተጻፉ የልመና ቃላት ውስጥ ፈልጉ። «ለገብሩ»፣ «ለአመቱ»፣ «ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ» ከሚሉት ቀጥሎ ያስጻፈው ሰው ስም ይመጣል። መጽሐፉ ባለቤት ሲለውጥ የመጀመሪያው ስም ተፍቆ ሌላ ይተካል፤ ፍቁ ቦታ ሻካራ ነው፣ ቀለሙም ተሰራጭቶ ይታያል። ኃላፊው ከፈቀደ አነስተኛ መብራት ከገጹ ጎን ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ፤ የብዕሩ ጭረት ጥላ ሠርቶ የቀደመው ስም ሊወጣ ይችላል። አልትራቫዮሌት መብራት የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ብቻ የሚያበራው ነው። አንዳንድ ጊዜ ጠራጊው አንድ ቦታ ሳይፍቅ ይረሳል፤ ስለዚህ የልመናውን ቃል በመጽሐፉ ሁሉ ተከታተሉ፣ በ80ኛው ቅጠል የመጀመሪያው ስም ሳይነካ ተቀምጦ ታገኙት ይሆናል።

«ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን» የሚለው ግዝት ካለ አጠገቡ የገዳሙ ወይም የደብሩ ስም ይጠበቃል። የስሙ ቦታ ብቻ ተለይቶ ከተፋቀ መጽሐፉ ከቤቱ እንዴት እንደወጣ ጥያቄ ተነሥቷል። ማኅተም፣ የገዛው ሰው ጽሑፍ፣ የሻጭ ቁጥር ሁሉ ይመዝገብ፤ ወደ ዩኒቨርሲቲው የገባበትን ዓመትና መንገድ ከገቢ መዝገቡ ላይ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. 1868 ከመቅደላ የተወሰዱ መጻሕፍት አሉ፤ በስጦታ የተሰጡ አሉ፤ ከ1970ው የዩኔስኮ ስምምነት በኋላ ያለ ፈቃድ የወጡም አሉ። በኢትዮጵያ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። የደብር ስም ካገኛችሁ ግኝቱን በጽሑፍ፣ ከቅጠል ቁጥርና ከፎቶ ጋር፣ ለስብስቡ ኃላፊ አስታውቁ፤ በአደባባይ ከመክሰስ በፊት ማስረጃው በመዝገብ ይግባ።

ፎቶና ማስታወሻ

ፈቃድ ካለ ያለ ፍላሽ አንሡ። ካሜራው ከገጹ ጋር ትይዩ ይሁን፤ በመጀመሪያው ፎቶ ማስመሪያና የቀለም ካርድ ይግቡ። ባዶ ገጽ፣ ሰሌዳ፣ ጀርባና ሦስቱ ጠርዞች ሳይቀሩ ከዳር እስከ ዳር ይነሡ፤ ፎቶዎቹን ለሚጠቀም ሰው የተዘለለ ባዶ ገጽ የጠፋ ቅጠል ይመስለዋል። ፋይሉን ወዲያው በመለያ ቁጥር፣ በቅጠል፣ በፊት ወይም በጀርባ ሰይሙት፤ «ፎቶ 0341» ከወር በኋላ ለራሳችሁም አይገባችሁም።

የመጨረሻው መግለጫ በዚህ ቅርጽ ቢጻፍ ማንም ይጠቀምበታል፦

ተአምረ ማርያም። ብራና፣ 132 ቅጠል፤ 285 በ240 በ70 ሚሊ ሜትር። 2 ዓምድ፣ 21 መስመር። 17 ጥራዝ፤ 1–3 ባለ 8፣ 4 ባለ 7 (ከ25 በፊት አንድ ቅጠል ጎድሏል)፣ 5–16 ባለ 8፣ 17 ባለ 5። የእንጨት ሰሌዳ፣ ድጉስ ቆዳ፣ የኋላው ሰሌዳ ተሰብሮ በክር ተጠግኗል። ያስጻፈው ሰው ስም በ11 ቦታ ተፍቋል፣ ቅጠል 80 ጀርባ ላይ ሳይፋቅ ቀርቷል። ቅጠል 1 ፊት፣ የንዋየ ቅድሳት ቆጠራ፣ በሌላ እጅ።

ቁጥሮቹን ደምራችሁ ፈትሹ፦ 24፣ 7፣ 96 እና 5 ተደምረው 132 ይሆናሉ። ድምሩ ካልገጠመ መጽሐፉን ከመመለሳችሁ በፊት እንደገና ቁጠሩ፤ አንዴ ወደ መጋዘን ከገባ በኋላ የጎደለችውን አንዲት ቅጠል ለማግኘት ሌላ ቀጠሮ ያስፈልጋል።

በግምት ያነበባችሁትን ከእርግጠኛው ለዩ። የማይነበብ ፊደል በነጥብ፣ በግምት የተሞላ በቅንፍ ይጻፍ። የመግለጫውን አንድ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍቱ ስጡና ከመለያ ቁጥሩ ጋር በመጽሐፉ ፋይል ውስጥ እንዲቀመጥ ጠይቁ። መጽሐፉን ስትመልሱ ማኅደሩ፣ ተነጥለው የነበሩ ቅጠሎችና ቁርጥራጭ ክሮች ሳይቀሩ በመጡበት ቅደም ተከተል ወደ ሣጥኑ መግባታቸውን ከኃላፊው ጋር አንድ በአንድ እየቆጠራችሁ አስረክቡ።